የመኪና ራዲያተርን ቤት ሆኖ ማውረድ፦ ምንም ሳይሰብሩ

የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር ማውረድ መካኒክ ያልሆነ ሰው ሊደፍራቸው ከሚችሉ የመኪና ሥራዎች አንዱ ነው። ብዙውን ጊዜ ራዲያተሩን የያዙት ውሃ የሚመላለስባቸው ሁለት ወፍራም ጎማዎች (ቱቦዎች)፣ አንድ ቀጭን ጎማ፣ የፋኑ የኤሌክትሪክ ሶኬትና ጥቂት ብሎኖች ናቸው። በአብዛኛው ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። ታዲያ ሰው የሚቸገረው ምኑ ላይ ነው? በዙሪያው ባለው ነገር ላይ ነው። የራዲያተሩ ጫፍና ጫፍ ያለው ፕላስቲክ ለዓመታት ሙቀት ሲመታው ደርቆ ይሰባበራል። ከፊቱ የኤሲው ኮንደንሰር፣ ማለትም የኤሲውን ጋዝ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር መሳይ ክፍል፣ ተለጥፎበት ይኖራል። አውቶማቲክ ማርሽ ባለው መኪና ላይ ደግሞ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት የሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ሊኖሩ ይችላሉ። እዚህ በደንብ የማብራራውም እነዚህን ቦታዎች ነው፤ ብሎን መፍታቱን ማንም አያጣውም።

መጀመሪያ ጥፋቱ የራዲያተሩ መሆኑን አረጋግጡ

መኪና ጋለ ሲባል ጣት ቶሎ የሚቀሰረው ራዲያተሩ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ሌላ ነው። ደህናውን ራዲያተር አውርዶ፣ አዲስ ገዝቶ ገጥሞ፣ መኪናው መልሶ ሲግል ማየት ያበሳጫል። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ትንሽ ጊዜ ለምርመራ ስጡ።

መኪናው የሚግለው መቼ ነው? ቆሞ ወይም በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ሲሆን ግሎ፣ መንገድ ሲከፈትለት የሚቀዘቅዝ ከሆነ መጀመሪያ ፋኑን ጠርጥሩ። ፊውዙ ተቃጥሎ፣ ሪሌው ሞቶ ወይም የፋኑ ሞተር ቆሞ ይሆናል። በተቃራኒው ቆሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዳ የሚግል ከሆነ፣ የራዲያተሩ ውስጥ በዝገትና በቆሻሻ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። የሙቀት ጌጁ ቀይ ላይ ደርሶ ራዲያተሩ ግን ቀዝቃዛ ከሆነስ? የሞቀው ውሃ ወደ ራዲያተሩ እየመጣ አይደለም ማለት ነው። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ተዘግቶ ቀርቷል፣ ወይም የውሃ ፓምፑ እየሠራ አይደለም፣ ወይም ውሃው ራሱ አልቋል።

ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ተከታተሉ። ጠብታው መሬት ላይ ያረፈበት ቦታ ብቻውን አያስተማምንም፤ ውሃ በብረት ላይ ተንሸራትቶ ከምንጩ ራቅ ብሎ ይወድቃል። የደረቀ ኩላንት (የማቀዝቀዣው ፈሳሽ፤ እዚህ ውሃ የምለውም እሱን ነው) ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ መሳይ ቅርፊት ይተዋል። ይህን ቅርፊት ፕላስቲኩ ከአሉሚኒየሙ ጋር በተጣበቀበት መስመር ላይ ካያችሁት ራዲያተሩ አልቆለታል፤ ይወረድ። ቅርፊቱ ያለው ጎማው ጫፍ ላይ ከሆነ ግን ምናልባት ማሰሪያው ላልቶ ነው፣ ወይም ጎማው ተሰንጥቋል። የራዲያተሩን ክዳንም አትርሱ። ክዳኑ ሥር ያለው ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ግፊት አይዝም፣ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። ከሁሉም የሚረክሰው ዕቃ እሱ ስለሆነ ቀድሞ መለወጡ አይጎዳም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እላለሁ። በሞተር ዘይት ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ፣ ከጭስ ማውጫው የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከወጣ፣ ወይም ሞተሩ ሲሠራ በውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከፈላ፣ ጥርጣሬው የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ላይ ነው። ራዲያተር ማውረድ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። መኪናውን ሳታስነሱ ለመካኒክ አሳዩት።

ሙቀቱና ኤሌክትሪኩ

በጋለ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ክዳኑ ውሃውን የሚይዘው ከውጪው አየር በ1 ባር ገደማ በሚበልጥ ግፊት ነው። በዚህ ግፊት ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲከፈት ግን ግፊቱ በቅጽበት ይጠፋል። ሳይፈላ የቆየው ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ወደ ላይ ይተኮሳል።

ስለዚህ መኪናው አድሮ ጠዋት ላይ መጀመሩ ከሁሉም ይሻላል። ካልሆነም ለብዙ ሰዓት ይቁም። ከዚያ የላይኛውን ወፍራም ጎማ በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። ከጠነከረ ውስጡ ገና ግፊት አለ፤ ጠብቁ። ልስልስ ካለና ቀዝቃዛ ከሆነ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ያዙና እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙሩት። ፉጨት ካሰማ እስኪያበቃ አትንኩት። ከዚያ ተጭናችሁ ጨርሳችሁ ክፈቱ።

ቀጥሎ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ አውጡ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ነገር ግን በአንዳንድ መኪኖች ላይ የኤሌክትሪክ ፋኑ ቁልፉ ተነቅሎም ቢሆን በድንገት ሊነሳ ይችላል። ጣት እዚያ ውስጥ ካለ ይቆርጣል። ገመዱን ከማውጣታችሁ በፊት ሬዲዮው የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ዓይነት መሆን አለመሆኑን አጣሩ፤ ከሆነ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ያዙ።

መኪናችሁ ሃይብሪድ ወይም የኤሌክትሪክ ከሆነ ይህን መመሪያ ይዛችሁ አትግቡበት። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ገዳይ ቮልቴጅ ይሸከማሉ። የማቀዝቀዣ መስመራቸውም ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። ለሠለጠነ ባለሙያ ተዉት።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ከ8 እስከ 14 ያሉ መፍቻዎችና ቡሶላዎች፤ ብዙ መኪና ላይ ግን 10 እና 12 ይበቃሉ። ጠፍጣፋና መስቀል ካቻቢቴ። ፒንሳ። ቢያንስ 10 ሊትር የሚይዝ ዝርግ ሳህን፣ እና የወጣውን ኩላንት የምትገለብጡበት ክዳን ያለው ጀሪካን። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር። ጨርቅ በብዛት። ሁለት ሰፋፊ ካርቶን፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ስልካችሁም ይኑር፤ ከመፍታታችሁ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። ስትገጥሙ የትኛው ገመድ በየት በኩል ያልፍ እንደነበር የሚነግራችሁ ፎቶው ነው።

ስለ ኩላንቱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አብዛኛው ኩላንት የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ነው። ውሻ፣ ድመት ወይም ሕፃን መሬት ላይ ያገኘውን ሊልሰው ይችላል። ትንሹም ኩላሊት ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ሳህኑን ክፍት ትታችሁ ለሻይ እንኳ አትሂዱ። የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጉና ቦታውን በብዙ ውሃ እጠቡ።

ውሃውን ማፍሰስ

መኪናውን ለጥ ያለ ቦታ ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ለኋላ ጎማ ድንጋይ ወይም ታኮ አድርጉ። ከሥር ለመድረስ መኪናውን ማንሳት ካስፈለገ በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር ፈጽሞ አትግቡ። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ተሸክሞ የሚያቆየው ከሥሩ የሚቀመጠው የብረት መደገፊያ ነው። ይህ ለአፍታም ቢሆን የሚታለፍ ሕግ አይደለም።

ከሥር የፕላስቲክ ሽፋን ካለ ክሊፖቹንና ብሎኖቹን ፈትታችሁ አውርዱት። ከራዲያተሩ ታችኛ ጥግ ላይ የማፍሰሻ ቡሽ ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ የሚፈታውም በእጅ ወይም በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ነው። እምቢ ካለ አትታገሉት። ራዲያተሩን መልሳችሁ የምትገጥሙት ከሆነ የተሰበረ ቡሽ ትልቅ ጣጣ ነው። ሳህኑን ከሥር አስቀምጡና ቀስ ብላችሁ አላሉት። ላይኛው ክዳን ሲከፈት አየር ስለሚገባ ውሃው ፈጥኖ ይወርዳል።

ቡሹ ከሌለ ወይም አልፈታ ካለ በታችኛው ወፍራም ጎማ በኩል ማፍሰስ ይቻላል። ማሰሪያውን ወደ ኋላ ገፉና ጎማውን በአንድ ጎን ብቻ ትንሽ አንሱት። አንዴ ሙሉ በሙሉ ከነቀላችሁት ውሃው በሳህኑ ላይ ሳይሆን በክንዳችሁ ላይ ነው የሚወርደው።

በትንሽ መኪና ውስጥ ያለው ኩላንት 5 ወይም 6 ሊትር ገደማ ነው፤ በትልልቆቹ ከዚያ ይበልጣል። ሁሉም አይወጣም፤ የተወሰነው ሞተሩ ውስጥ ይቀራል። የወጣው ምን ያህል እንደሆነ ለኩና ያዙት፤ ስትሞሉ ይጠቅማችኋል። መልኩንም እዩት። ቡናማ ከሆነ ውስጡ ዝጓል። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም ሮዝ ወተት መስሎ ከወጣ ቆም በሉ። የካምቢዮው ዘይት በራዲያተሩ ውስጥ ከውሃው ጋር ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ካምቢዮውም መታየት አለበት፤ ራዲያተር መለወጥ ብቻውን አይበቃም።

ጎማዎቹ

ሰው ራዲያተር የሚሰብረው በብዛት እዚህ ጋ ነው። ለዓመታት የተቀመጠ ጎማ ከአፉ ጋር ይጣበቃል። ሰውየው ይጎትታል፣ ጎማው አይመጣም፣ አሁንም ይጎትታል፣ በመጨረሻ የፕላስቲኩ አፍ ተሰብሮ ከጎማው ጋር አብሮ ይመጣል።

ማሰሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በካቻቢቴ የሚላላ ነው። ሌላው ሁለት ጆሮ ያለው ስፕሪንግ ሲሆን ጆሮዎቹን በፒንሳ ስትጨምቁ ይሰፋል። የትኛውም ይሁን፣ ከላላ በኋላ በጎማው ላይ ወደ ኋላ በደንብ ግፉት። ከዚያ ጎማውን ከመጎተት በፊት አሽከርክሩት። ግራና ቀኝ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ጠምዝዙት። መዞር ከጀመረ ተላቋል ማለት ነው፤ ያኔ እያዞራችሁ ሳቡት። ካልዞረ ስለት የሌለው ቀጭን ነገር በጎማውና በአፉ መካከል አስገብታችሁ ዙሪያውን በቀስታ አላቁት፤ ፕላስቲኩን ግን ለመፈንቀል መደገፊያ አታድርጉት። አሁንም እምቢ ካለና ጎማውን የምትለውጡት ከሆነ በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቁት። እኔ ጎማው ያረጀ፣ ያበጠ ወይም ሲጨመቅ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ራዲያተሩ በወረደበት አጋጣሚ መለወጡን እመርጣለሁ።

ወደ ትርፍ ውሃ መያዣው የሚሄደውንም ቀጭን ጎማ ከክዳኑ አንገት ሥር አውጡ።

አውቶማቲክ ማርሽ ባለው መኪና ከራዲያተሩ ጋር የተያያዙ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ካሉ የካምቢዮው ዘይት መመላለሻዎች ናቸው። ሌላ ንጹሕ ሳህን ከሥር አድርጉ። ቧንቧው በብረት ነት የታሰረ ከሆነ በሁለት መፍቻ ሥሩ፤ አንዱ በራዲያተሩ በኩል ያለውን ይይዛል፣ ሌላው ነቱን ይፈታል። በአንድ መፍቻ ብቻ ከሞከራችሁ ቧንቧው ይጠመዘዛል ወይም የራዲያተሩ አፍ ይገነጠላል። ከተፈታ በኋላ ጫፎቹን በንጹሕ ነገር ድፈኑ። ወደ ካምቢዮ የሚገባ አሸዋ ከራዲያተር የበለጠ ወጪ ያመጣል።

ፋኑ

የኤሌክትሪክ ፋን ከሆነ ሶኬቱን መያዣውን ተጭናችሁ አውጡ፤ ገመዱን ይዛችሁ አትሳቡ። በፋኑ ሽፋን ላይ የታሰሩ ሌሎች ገመዶችንም አላቁ። ሽፋኑ ከራዲያተሩ ጋር የሚያያዘው ብዙ ጊዜ ከላይ በሁለት ብሎን ነው፤ ከታች በማረፊያ ውስጥ ይቀመጣል። ብሎኖቹን ፈትታችሁ ፋኑን ከነሽፋኑ ወደ ላይ አንሱት። በአንዳንድ መኪኖች ቦታ ስለሚጠብ ራዲያተሩና ፋኑ አብረው ይወጣሉ፤ ያም ችግር የለውም።

ሞተሩ በቺንጋ የሚያዞረው ፋን ከሆነ ሽፋኑን ብቻ ፈትታችሁ ወደ ሞተሩ በኩል ግፉት። ፋኑ ራሱ መውጣት ካለበት ግን ነቱ በየት በኩል እንደሚፈታ የመኪናውን መመሪያ ተመልከቱ። በአንዳንዶቹ በግራ የሚጠብቅ በቀኝ የሚላላ ነው፤ ሳያውቁ መታገል ያጠብቀዋል።

አሁን ካርቶኖቹን አምጡ። አንዱን በራዲያተሩና በፋኑ መካከል፣ ሌላውን በራዲያተሩና በኮንደንሰሩ መካከል አስገቡ። የራዲያተር ክንፎች በጣም ስስ ናቸው፤ ሲነሳ ከአንድ የብሎን ጫፍ ጋር ቢነካካ ይተኛሉ ወይም ይቀደዳሉ። ኮንደንሰሩ ከተቀደደ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ማንሳት

ራዲያተሩን ከላይ የሚይዙት ሁለት መያዣዎች አሉ፤ ብሎኖቻቸውን ፍቱ። ከታች ሁለት እግሮቹ በጎማ ትራስ ላይ ያርፋሉ፤ እዚያ ብሎን የለም ብዙ ጊዜ። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ባምፐሩ ወይም የላይኛው የፊት ብረት ካልወጣ ራዲያተሩ አያልፍም፤ ይህን ሳትጀምሩ ማወቁ ጥሩ ነው።

የኤሲው ኮንደንሰር ከራዲያተሩ ጋር በብሎን ከተያያዘ ብሎኑን ብቻ ፈትታችሁ ለያዩአቸው። ኮንደንሰሩን በገመድ ከፊት ብረት ጋር አንጠልጥሉት፤ በቧንቧዎቹ ላይ ክብደቱን አይጣል። የኤሲ ቧንቧ ግን በምንም ምክንያት አትፍቱ። ውስጡ ያለው ጋዝ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ነው፤ ሲወጣ ቆዳን በቅዝቃዜ ያቃጥላል፣ ዓይን ሊያሳውር ይችላል።

አሁን ራዲያተሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አልመጣ ካለ የረሳችሁት ነገር አለ። በብረት አትፈንቅሉት፤ በዙሪያው እጃችሁን አዙሩና ያልተፈታ ብሎን፣ ያልወጣ ጎማ ወይም የተያዘ ገመድ ፈልጉ። የታች ትራሶቹ ስለሚያጣብቁትም በትንሹ ግራና ቀኝ ወዝወዝ ማድረግ ይረዳል። ውስጡ የቀረ ውሃ ስላለ ዘንበል ከማድረጋችሁ በፊት ሳህኑን አዘጋጁ።

ከወረደ በኋላ

የታች ትራሶቹ ከራዲያተሩ ጋር ተጣብቀው ወጥተው እንደሆነ እዩ። እነሱ ከሌሉ አዲሱ ራዲያተር ብረት ላይ እየተንቀጠቀጠ በአጭር ጊዜ ይሰነጠቃል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቁማችሁ አወዳድሩ፦ የጎማ አፎቹ፣ እግሮቹ፣ የካምቢዮ ቧንቧ ማስገቢያው፣ ካለም የሙቀት ሴንሰሩ ቦታ። ልዩነት ካለ አሁን መመለስ ይቀላል።

ኮንደንሰሩን የምታጸዱበት የተሻለ አጋጣሚ አታገኙም። በሁለቱ መካከል ቅጠል፣ ነፍሳትና አቧራ ተጠቅጥቆ ይገኛል፤ አንዳንዴ የመጋሉ ምክንያት እሱ ብቻ ይሆናል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ በቀጭን ውሃ እጠቡት። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ማሽን አትጠቀሙ፤ ክንፎቹን ያስተኛል።

መልሶ መግጠምና መሙላት

አገጣጠሙ የአፈታቱ ግልባጭ ስለሆነ አልደግመውም። ብሎንና ነት ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ይጀመር፤ በአሉሚኒየም ላይ ጠማማ የገባ ብሎን ጥርሱን ይበላዋል። ማሰሪያዎቹ ጎማው በሚገባበት የራዲያተሩ አፍ ላይ ካለው ጉብታ አልፈው መቀመጥ አለባቸው፤ ጉብታው ላይ ካረፉ ጎማው በግፊት ይወጣል። ማፍሰሻውን መዝጋት እንዳትረሱ። ባትሪውንም አገናኙ።

ኩላንቱ በመኪናው መመሪያ የተጠቀሰው ዓይነት ይሁን። በቀለም ብቻ አትመሩ፤ አንዱ አምራች አረንጓዴ የሚያደርገውን ሌላው ሮዝ ያደርገዋል። የማይስማሙ ዓይነቶች ሲቀላቀሉ ይረጋሉ፣ ከዝገት የመከላከል ኃይላቸውም ይቀንሳል። ያልተበረዘ ከገዛችሁ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሉት። የቧንቧ ውሃ በውስጡ ያለው ማዕድን ራዲያተሩ ውስጥ ይጋገራል።

በቀስታ ሙሉ፤ በችኮላ ሲሞላ አየር ይታፈናል። አየር ማስተንፈሻ ብሎን ካለው ውሃ ያለ አረፋ እስኪወጣ ክፈቱት። የላይኛውን ጎማ እየጨመቃችሁ ልቀቁት። ከዚያ የመኪናውን ማሞቂያ ሙሉ ሙቀት ላይ አድርጉና ሞተሩን አስነሱ። ክዳኑ ራዲያተሩ ላይ ከሆነ ለጊዜው ክፍት ይሁን፤ ፊታችሁን ግን አታስጠጉ። ውሃው ዝቅ ሲል ጨምሩ። ቴርሞስታቱ ብዙ ጊዜ በ80ዎቹ ዲግሪዎች መካከል ሲከፈት ሁለቱ ጎማዎች ይሞቃሉ፣ ደረጃውም ድንገት ይወርዳል። ከሞላና አረፋው ካቆመ ክደኑት። ፋኑ ተነስቶ እስኪጠፋ ጠብቁ፤ ከማሞቂያውም ትኩስ አየር መምጣቱን አረጋግጡ። ቀዝቃዛ አየር ከመጣ ውስጡ አሁንም አየር አለ። የሙቀት ጌጁ ከመካከል ካለፈ ወዲያው አጥፉ።

የካምቢዮ ቧንቧ ፈትታችሁ ከነበረ የዘይቱን ደረጃ በመመሪያው መሠረት ለኩ፤ የፈሰሰውን ያህል መተካት አለበት።

አሮጌውን ኩላንት በጀሪካን ክደኑና ምን እንደሆነ ላዩ ላይ ጻፉበት። ወደ መሬት፣ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ አይደፋ፤ ያገለገለ ዘይትና ኩላንት ለሚቀበል ጋራዥ ወይም ማዕከል ስጡት።

የታችኛውን የፕላስቲክ ሽፋን ቶሎ አትግጠሙ። መኪናውን አጭር መንገድ ንዱት፣ አሳድሩት፣ ጠዋት ሲቀዘቅዝ የትርፍ ውሃ መያዣውን ደረጃ እዩ፣ በየጎማው ጫፍ ላይም ጨርቅ አሳልፉ። አየር ስለሚወጣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል እንዲሆን ጨምሩ። ምንም እርጥበት ሳይታይ ደረጃው በየቀኑ የሚወርድ ከሆነ ግን የግፊት ምርመራ ይደረግለት። ደረጃው ጸንቶ ከቆየ ሽፋኑን ወደ ቦታው መልሱና ክሊፖቹን አስገቡ።